መንጋው ቤተሰብ ነው፤ ተኩላ ለምን በኅብረት ይኖራል፣ ከጮቄስ ለምን ጠፋ?

በፌስቡክና በቴሌግራም ለዓመታት ሲዘዋወር የኖረ አንድ ፎቶግራፍ አለ። ነጭ በረዶ በሸፈነው ሜዳ ላይ 25 ያህል ተኩላዎች በአንድ ረድፍ ሲጓዙ ከአየር ላይ የተነሣ ነው። ከሥሩ የሚለጠፈው ጽሑፍ ከፊት ያሉት ሦስቱ ያረጁና የታመሙ እንደ ሆኑ፣ የጉዞውንም ፍጥነት የሚወስኑት እነርሱ እንደ ሆኑ፣ ከእነርሱ ቀጥሎ አምስት ብርቱዎች እንደሚሄዱ፣ ከሁሉም ኋላ ብቻውን የሚታየው ደግሞ ማንም እንዳይቀር የሚጠብቀው መሪ እንደ ሆነ ይተርካል። ታሪኩ ለሥልጠና መክፈቻ የተመቸ ስለ ሆነ በእኛም አካባቢ፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር፣ ስለ መልካም አመራር በሚነገርባቸው አዳራሾች ሲጠቀስ መስማት የተለመደ ነው።

ሥዕሉ እውነተኛ ነው፤ ትርክቱ ግን ከፎቶግራፉ በኋላ የተሰፋለት ነው። ፎቶግራፉን ቻደን ሀንተር የተባለ ባለሙያ በሰሜን ካናዳ በሚገኘው የዉድ ባፋሎ ብሔራዊ ፓርክ ያነሣው እ.ኤ.አ. በ2011 ለተላለፈ የቢቢሲ የዱር እንስሳት ዘጋቢ ፊልም ሲሆን፣ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ሌሎች ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው። ተኩላዎቹ በዚያ ክረምት ባይሰን የሚባለውን የአሜሪካ ጎሽ ያድኑ ነበር። ከፊት የምትሄደው የታመመች አሮጊት ሳትሆን መንጋውን የምትመራው ብርቱ ሴት ናት፤ ጥልቁን በረዶ በደረቷ እየሰነጠቀች መንገድ ታበጃለች፣ የቀሩትም ጉልበታቸውን ለመቆጠብ በእርሷ ዱካ ይከተላሉ። ከኋላ ሆኖ ሁሉን የሚጠብቅ የጦር አዛዥ የለም።

ይህን የመሰለ ፈጠራ ጉዳት የለውም ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን የተኩላን መንጋ እንደ ጦር ሰራዊት ወይም እንደ መሥሪያ ቤት አድርጎ ማየት፣ እነዚህ እንስሳት አብረው የሚኖሩበትን እውነተኛ ምክንያት ይሸፍንብናል፤ ምክንያቱን ካላወቅን ደግሞ አንድ አካባቢ ተኩላውን እንዴት እንደሚያጣ መረዳት አንችልም። ለጎጃም ሰው ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ የጮቄ ተራራ በዓለም ከሁሉ የበለጠ ለመጥፋት ከተቃረቡት የውሻ ወገኖች አንዱ የሆነው ቀይ ቀበሮ ከጠፋባቸው የኢትዮጵያ ተራሮች መካከል ነው። ቀይ ቀበሮ በስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ በዘሩ ተኩላ ነው፤ አባቶቹ ከ100 ሺሕ ዓመት ገደማ በፊት ከዩሮእስያ ወደ ደጋችን የዘለቁ የግራጫው ተኩላ ዘመዶች እንደ ሆኑ ይገመታል።

የሰራዊቱ ትርክት ከየት መጣ? በ1947 ሩዶልፍ ሼንክል የተባለ ተመራማሪ በስዊዘርላንድ የባዝል መካነ አራዊት በጠባብ አጥር ውስጥ የተያዙ ተኩላዎችን ተከታትሎ፣ ለበላይነት ዘወትር እንደሚጣሉና በመጨረሻ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሌሎቹን አስገብረው እንደሚገዙ ጻፈ። አሜሪካዊው ዴቪድ ሚች በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አሳብ ስላስፋፋው፣ ‹አልፋ ተኩላ› የሚለው አነጋገር ከእንስሳት ጥናት አልፎ ወደ ንግዱም ወደ ፖለቲካውም ገባ። ችግሩ በአጥሩ ላይ ነበር፤ ዝምድና የሌላቸውን አዋቂ እንስሳት መውጫ በሌለው ቦታ አጉረን ጠባቸውን ብናጠና የምናውቀው የእስረኞችን ጠባይ እንጂ የቤተሰብን ኑሮ አይደለም። ስሕተቱን ያረመው ራሱ ሚች ነው። ከ1986 ጀምሮ በካናዳ አርክቲክ በኤልስሜር ደሴት በየበጋው ከአንድ የዱር መንጋ አጠገብ እየሰነበተ ሲመለከት፣ በሥልጣን የሚገዳደሩ ተቀናቃኞችን ሳይሆን ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አባትና እናት አገኘ። በ1999 ባወጣው ጽሑፍ አልፋ የሚለውን ቃል መጠቀም ትርጉም እንደሌለው ገለጸ፤ የቀድሞው መጽሐፉ እንዳይታተምም አሳታሚውን ለዓመታት ሲወተውት ቆይቶ በ2022 ሕትመቱ ቆመ። አንድ ሊቅ ስሙን ያስጠራለትን መጽሐፍ ራሱ ከገበያ እንዲወጣ ሲለምን ማየት ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም።

እንግዲህ የተኩላ መንጋ የሚመሠረተው እንዲህ ነው፤ ከወላጆቻቸው የተለዩ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይገናኛሉ፣ ማንም ያልያዘው ቦታ ይፈልጋሉ፣ ይወልዳሉ። በመንጋው ውስጥ የሚገኙት አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ሁለቱ፣ የዘንድሮ ቡችሎቻቸው፣ የአምና ልጆቻቸውና አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። ልጆቹ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ተራ በተራ እየወጡ የራሳቸውን ጓደኛ ይፈልጋሉ። ምግብ በተትረፈረፈበት ቦታ የሚወጡት ሲዘገዩና ከአንድ በላይ ሴቶች ሲወልዱ መንጋው ከልክ በላይ ሊገዝፍ ይችላል፤ በአሜሪካ የሎውስቶን ፓርክ ድሩይድ ፒክ የተባለው መንጋ በ2001 37 ተኩላዎች ደርሶ ነበር። ይህ ግን ለየት ያለ ነው።

ቤተሰብ መሆኑ ታወቀ እንበል፤ ቢሆንም ልጆቹ ራሳቸውን ከቻሉ በኋላ ለምን አብረው ይቆያሉ? ድመትም ልጆች ታሳድጋለች፣ ነብርም ታሳድጋለች፤ ልጆቻቸው ግን ጥርሳቸው ሲጠነክር ይበተናሉ። ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ አደን ነው፤ ክብደቱ ከ30 እስከ 50 ኪሎ የሆነ እንስሳ ኤልክ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን ወይም ባይሰንን ብቻውን ሊጥል አይችልምና መተባበር ግድ ይሆንበታል ይባላል። መልሱ ለጆሮ የሚጥም ቢሆንም በሜዳ የተገኘው ማስረጃ እንደ ልብ አይደግፈውም። ብቻውን የሚኖር ተኩላ ሙስ የሚባለውን፣ ከአጋዘን ሁሉ ትልቁን እንስሳ ሲጥል በተደጋጋሚ ታይቷል። በየሎውስቶን በተደረገ ጥናት ኤልክ ለማደን የአዳኞቹ ቁጥር መጨመር የሚጠቅመው እስከ አራት ያህል ብቻ እንደ ሆነ ታውቋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመሩት ይሮጣሉ እንጂ አይናከሱም፣ የእርግጫውን አደጋ ለሌላው ትተው ወደ ኋላ ይላሉ። በእርግጥ ባይሰን ሲሆን ነገሩ ይለወጣል፤ እንስሳው እጅግ አደገኛ ስለ ሆነ ከአሥር በላይ እስኪሆኑ ድረስ እያንዳንዱ ተጨማሪ ተኩላ ዕድላቸውን ከፍ ያደርገዋል። ሆኖም ባይሰን የማያድኑ፣ ቁጥራቸው ግን ከአራት የሚበልጥ መንጋዎች በዓለም ላይ ሞልተዋል። በስድስት የሚከፈል ሥጋ በሁለት ከሚከፈለው ያነሰ ድርሻ ይሰጣልና፣ በአደን ብቻ ብንመዝነው ለተኩላ የሚያዋጣው በጥንድ መኖር ነበር።

ስሌቱን ከሚያስተካክሉት ነገሮች አንዱ ሰው ብዙም የማያስበው ቁራ ነው። ሌክ ሱፒሪየር በተባለው የሰሜን አሜሪካ ሐይቅ ውስጥ በሚገኘው የአይል ሮያል ደሴት የተኩላንና የሙስን ኑሮ ለአሥርተ ዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ ተኩላዎቹ አንድ ሙስ ጥለው እስኪበሉ ድረስ የሚሰበሰቡት ቁራዎች የሚወስዱትን መጠን አስልተው ነበር። የበሉት ሁለት ተኩላዎች ብቻ ከሆኑ ከሥጋው ከሲሶ በላይ የሚሆነው ለቁራ ይቀራል፤ ስድስት ከሆኑ ግን በፍጥነት ስለሚጨርሱት የቁራው ድርሻ በግማሽ ያህል ይወርዳል። ትልቅ ነገር ጥሎ በአንድ ጊዜ ሊጨርሰው ለማይችል እንስሳ፣ ለልጁ ያጎረሰው ሥጋ ከራሱ የተቀነሰ ሳይሆን ከቁራ አፍ የተነጠቀ ነው። እዚህ ላይ መብላትን የሚመለከተው ነገር ከመግደሉ ይልቅ እንደሚከብድ እናያለን።

ይህም ቢሆን ሙሉ መልስ አይሆንም፤ ለምን እንደማይሆን የሚያሳየን ደግሞ የራሳችን ቀይ ቀበሮ ነው።

በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ይገኛሉ። ክላውዲዮ ሲሌሮ ዙቢሪና ዳዳ ጎቴሊ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዚያ ባካሄዱት ጥናት እንደ ተረጋገጠው፣ የዚህ እንስሳ ምግብ ከሞላ ጎደል ሁሉም አይጥና ፍልፈል ነው። አዳኙን በቅርብ ያየው ሰው የሚያስተውለው ትዕግሥቱን ነው፤ ጆሮውን ወደ ፊት አቅንቶ፣ ሆዱን ከሣሩ አስጠግቶ፣ እግሩን አንድ በአንድ ያለ ድምፅ እያነሣ ወደ ጉድጓዱ አፍ ይቀርባል፤ ፍልፈሉ አፈር ለመግፋት ወይም ቅጠል ለመጎተት ብቅ እስኪል ድረስ ደርቆ ይቆማል፤ ከዚያ በአንድ ዝላይ ያንቀዋል ወይም አፈሩን በሁለት እጁ እየዛቀ ይከተለዋል። በዚህ ሥራ ላይ ጓደኛ ምን ይጠቅማል? የሁለተኛው ኮቴ ፍልፈሉን ወደ ጉድጓዱ ይመልሰዋል። ስለዚህ ቀይ ቀበሮ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ያድናል። በመንዝ ጓሳ የታየ አንድ አስገራሚ ነገር ይህንኑ ያጠናክረዋል፤ በጭላዳ ዝንጀሮ መካከል ሆኖ የሚያድን ቀይ ቀበሮ ከሙከራዎቹ 67 በመቶ ያህሉ ሲሳኩለት፣ ከጭላዳ ተለይቶ ሲያድን የሚሳካለት 25 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ለአደን የሚረዳው ጓደኛ ከተፈለገ ከወንድሙ ይልቅ ጭላዳ ይሻለዋል ማለት ነው።

አደኑን በዚህ መልክ ብቻውን የሚፈጽመው ይኸው እንስሳ ግን የሚኖረው በመንጋ ነው። በባሌ አንድ መንጋ በአማካይ ስድስት ያህል አዋቂዎች ያሉት ሲሆን እስከ 18 የሚደርሱም ታይተዋል። ጎሕ ሲቀድ፣ ቀትር ላይና ማምሻውን ከየተበተኑበት ይሰባሰባሉ፤ ጭራ እየቆሉ፣ አፍ ለአፍ እየተላላሱ፣ እየጮሁ በታላቅ ግርግር ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ ጠዋትና ማታ በአንድነት ተነሥተው የግዛታቸውን ዳር ይዞራሉ። ሣሩ ላይ፣ ድንጋዩ ላይ፣ ቁጥቋጦው ላይ ሽንታቸውን እየረጩ ድንበሩን ያድሳሉ። አብረው የማያድኑ እንስሳት አብረው ወሰን የሚጠብቁ ከሆነ፣ የመንጋውን ምክንያት መፈለግ ያለብን ከሥጋው ይልቅ ከመሬቱ ላይ ነው።

የመሬትን ነገር ለጎጃም ገበሬ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. በክልሉ ከተካሄደው የመሬት ሽግሽግ በኋላ ለአካለ መጠን የደረሰ ወጣት የራሱ ማሳ ስለሌለው ጎጆ ሳይወጣ በአባቱ ቤት እንደሚቆይ፣ የአባቱንም እርሻ እያገዘ ድርሻውን እንደሚጠብቅ በየቤቱ የሚታይ ነው። የቀይ ቀበሮ ልጅም ከአባቱ ቤት የማይወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። በባሌ ምግብ በሞላበት ቦታ የአንድ መንጋ ግዛት በአማካይ ስድስት ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፤ በዙሪያው ያለው ሁሉ በሌሎች መንጋዎች የተያዘ ስለ ሆነ ወጥቶ የሚያቀናው ባዶ መሬት አያገኝም። ወንዶቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ በተወለዱበት ይቀራሉ። ሴቶቹ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ይወጣሉ፤ ብዙዎቹም አንዲት ወላድ ሞታ ቦታ እስኪለቀቅ ድረስ በመንጋዎች ድንበር መካከል ሲንከራተቱ ይኖራሉ። በአንድ መንጋ ውስጥ የቀሩት ሁሉ የሥጋ ዘመዶች ስለሚሆኑም ሴቲቱ ከጎረቤት ወንዶች ጋር መገናኘትን ትመርጣለች፤ ከታዩት ግንኙነቶች ሰባ በመቶ ያህሉ ከሌላ መንጋ ወንዶች ጋር የተፈጸሙ ነበሩ። ድንበሩ ለጠብ ብቻ የቆመ አይደለም ማለት ነው።

ጠቡ ግን አለ፤ በጠቡም ላይ የሚወስነው ቁጥር ነው። በባሌ ሁለት መንጋዎች በወሰን ላይ ሲገናኙ በከፍተኛ ጩኸት ይጋጠማሉ፤ ሁልጊዜም ሮጦ የሚሸሸው በቁጥር ያነሰው ወገን ነው። በየሎውስቶንም ሁኔታው ይመሳሰላል፣ ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ በፓርኩ ውስጥ ለተኩላ የተፈጥሮ ሞት ዋነኛው ምክንያት የሌላ መንጋ ተኩላ ነው። በዚያ የተመዘገቡ ግጭቶች ሲተነተኑ፣ ከባላጋራው በአንድ እንኳ የሚበልጥ መንጋ የማሸነፍ ዕድሉ በብዙ ከፍ እንደሚል፣ ዕድሜያቸው ከስድስት ዓመት ያለፈ ነባር ተኩላዎች ያሉበት መንጋ ደግሞ በቁጥር ቢያንስም እንኳ ብልጫ እንደሚያገኝ ታይቷል። ፎቶግራፉን ያጀበው ትርክት ሽማግሌዎችን የጉዞ ፍጥነት መለኪያ አድርጓቸዋል፤ እውነቱ ግን መቼ መግጠም፣ መቼ መሸሽ እንደሚገባ ያዩ ያወቁ መሆናቸው ነው።

በመንጋ የሚጓዙበትም ዋናው ምክንያት ከዚሁ የተያያዘ ነው። የግራጫ ተኩላ ግዛት ከመቶዎች እስከ ከሺሕ በላይ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሊሰፋ ይችላል፤ ይህን የሚያህል አገር በቤት ተቀምጦ መጠበቅ ስለማይቻል፣ አደኑንም ድንበር ጥበቃውንም በአንድ ጉዞ እያጣመሩ በቀን አሥራ አምስትና ሃያ፣ ሲያሻም ከዚያ በላይ ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ። በበረዶ ወራት በአንድ ረድፍ መሄዳቸው ጉልበት ለመቆጠብ ነው፤ በረዶ በሌለበት ይበተናሉ። ብቻውን የሚጓዝ ተኩላ ቢገኝ አብዛኛውን ጊዜ ከቤተሰቡ ወጥቶ ትዳር የሚፈልግ ወጣት ነው። ስላቭክ የተባለው ተኩላ በ2011 መጨረሻ ከስሎቬኒያ ተነሥቶ በኦስትሪያ አቋርጦ ከሺሕ ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ በጣሊያን ቬሮና አጠገብ አንዲት ሴት አግኝቶ በዚያ አካባቢ ከረጅም ዘመን በኋላ የመጀመሪያውን መንጋ መሥርቷል። ‹ብቸኛ ተኩላ› የሚባለው ጀግና በእርግጥ መንጋ የጠላ ሳይሆን መንጋ የሚፈልግ ነው።

ከመሬት ቀጥሎ የሚመጣው ልጅ ማሳደግ ነው። ቀይ ቀበሮ በዓመት አንድ ጊዜ ይወልዳል፤ በመንጋው ውስጥ በተለመደው ሁኔታ የምትወልደው አንዲቷ ዋና ሴት ብቻ ስትሆን፣ ከሁለት እስከ ስድስት የሚሆኑ ቡችሎች የሚወለዱት ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሁሉ ለእነርሱ ይሠራል። አባትም ሆነ ታላቅ ወንድም፣ ያልወለደችም አክስት፣ ሲያድኑ የዋሉትን በሆዳቸው ይዘው ወደ ጎሬው ይመለሳሉ፤ ቡችሎቹ አፋቸውን ሲልሷቸው አስመልሰው ይሰጧቸዋል። ሌሎቹ ሲወጡ አንዱ ጎሬው ደጃፍ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል፣ ጅብ ቢመጣ ተረባርበው ያባርራሉ። ከዋናይቱ ሴት ሌላ ጡት የምታጠባ ሴት የምትገኝበትም ጊዜ አለ። በየከተማችን ዳር ከሚታየው የባለቤት አልባ ውሻ መንጋ ጋር ብናነጻጽረው ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ በዚያ ወንዱ ውሻ ለቡችሎቹ ምግብ አያመጣም፣ እናቲቱ ብቻዋን ትደክማለች፣ ከቡችሎቹም አብዛኞቹ ሳያድጉ ይሞታሉ። ከአንድ አያት የወረዱ እንስሳት ቢሆኑም ውሻው የሰው ቆሻሻ ስለሚበላ የቤተሰቡን ሕግ ከጊዜ ብዛት ጥሎታል።

በመንጋ መኖር በሽታንም በሁለት ፊት ይነካል። የሎውስቶን ውስጥ እከክ ከ2007 ወዲህ ተኩላዎቹን ሲያጠቃ፣ ጠጉሩ የረገፈ ተኩላ ብቻውን ሲሆን ቶሎ እንደሚሞት፣ ጤነኛ ዘመዶች ያሉት ግን እነርሱ ባደኑት እየኖረ፣ በእነርሱም ተጠብቆ ብዙ ጊዜ እንደሚተርፍ ተረጋግጧል። የእብድ ውሻ በሽታ ሲገባ ግን ያ ሰላምታ፣ ያ አፍ ለአፍ መላላስ፣ ያ የድንበር ግጥሚያ ሁሉ የሞት መተላለፊያ ይሆናል። በባሌ በ1991 እና 1992፣ ኋላም በ2003 እና 2004 ከውሾች የተነሣው ወረርሽኝ የደረሰባቸውን መንጋዎች ጨረሳቸው ማለት ይቀላል፤ በሁለተኛው ጊዜ ከተጠቁት መንጋዎች አባላት ሦስት አራተኛ ያህሉ ሞተዋል። ያ ወረርሽኝ ወደ ቀረው የባሌ ክፍል እንዳይሻገር ያደረገው፣ በሽታው የገባበትን ሸለቆ ከሌላው በሚያገናኙት ጠባብ መተላለፊያዎች የሚኖሩትን መንጋዎች ብቻ መርጦ መከተብ ነበር። የመንጋውን አሠፋፈር ያወቀ ሰው ጥቂት ክትባት ይዞ ብዙ ማዳን እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በምግብ ውስጥ የሚቀመጥ ክትባት ለቀይ ቀበሮዎች መሰጠት ተጀምሯል።

አሁን ወደ ጮቄ እንመለስ። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቀይ ቀበሮ በጎጃም በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ሳይቀር ለሙዚየም ናሙና ተይዞ ነበር፤ ዛሬ በየትም አገር ከ3,000 ሜትር በታች አይገኝም። ከሥር ወደ ላይ የገፋው እርሻ ነው። በኢትዮጵያ ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው መሬት 60 በመቶ ያህሉ ታርሷል ተብሎ ይገመታል፤ በስናን፣ በቢቡኝና በማቻከል የገብስና የድንች ማሳ ወደ ጅብራው ጫፍ እየተጠጋ መሄዱን በአካባቢው የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል። ይህን ስል ገበሬውን መውቀሴ አይደለም፤ እላይ የጠቀስሁት የመሬት ጥበት ሰውንም አውሬውንም በአንድ ዳገት ላይ ያጋጠማቸው ነው። ዛሬ በደጋው ጫፍና በወይና ደጋው በግ የሚነጥቀው፣ እረኛ ቀበሮ ብሎ የሚያባርረው ሌላ እንስሳ ነው፤ ከ2011 ወዲህ የወጡ የዘረ መል ጥናቶች የአፍሪካ ተኩላ መሆኑን ያሳዩት ይህ እንስሳ የተገኘውን ስለሚበላ ከሰው ጎን መኖርን ችሎበታል። ቀይ ቀበሮ ግን ያለ ፍልፈሉና ያለ ሜዳው አይሆንለትም።

ሜዳው ሲጠብ የሚሞተው መጀመሪያ እንስሳው ሳይሆን የቤተሰቡ ሥርዓት ነው። አንድ ተራራ አሥር መንጋ ሲይዝ አንዱ ቢያልቅ ከጎረቤት የምትወጣ ሴት ቦታውን ትሞላዋለች፤ ሁለት ወይም ሦስት መንጋ ብቻ ሲቀር ግን የምትወጣው ሴት የምትገባበት የላትም፣ ወንዱ የሚያገኛት እኅቱን ናት፣ የወሰን ጎረቤት ስለሌለም የደም ልውውጡ ይቆማል። ጓደኛ ያጣ ቀይ ቀበሮ ከቤት ውሻ ጋር እንደሚዳቀል በባሌ ታይቷል። በዚህ ላይ አንድ የእብድ ውሻ በሽታ ሲጨመርበት፣ ለትልቅ ሕዝብ ክፉ ዓመት ብቻ የሚሆነው ነገር ለትንሹ መጨረሻው ይሆናል። በጮቄ የትኛው ምክንያት የመጨረሻውን ምት እንደ መታው ለይቶ መናገር ባይቻልም፣ አካሄዱ ግን ከዚህ የተለየ ሊሆን አይችልም።

ሌላው የጎጃም ነገር መልክዐ ምድሩ ነው። ዓባይ በሦስት ወገን ይከብበናል፤ በደጀን አድርጎ ወደ ጎሐ ጽዮን የወረደ መንገደኛ በረሃው ወደ አንድ ሺሕ ሜትር ከፍታ እንደሚወርድ በሙቀቱ ያውቀዋል። ከወንዙ ማዶ፣ በደቡብ ወሎ ቦረና ሳይንት፣ ዛሬም ቀይ ቀበሮ አለ፤ በሰሜንም የሰሜን ተራሮች መንጋዎች አሉ፣ መካከሉን ግን የጣና ሜዳና የታረሰው አገር ዘግቶታል። ቤት ፈላጊዋ ወጣት ከቦረና ወርዳ፣ ቆላውን አቋርጣ፣ ወደ ጮቄ ትወጣለች ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ስላቭክ ያቋረጠው አውራ ጎዳናና ወንዝ ነበር፤ ቀይ ቀበሮ ግን የደጋ ደሴት ነዋሪ ነው።

ስለዚህ ቀይ ቀበሮ ወደ ጮቄ ይመለስ ከተባለ በሰው እጅ ብቻ ይሆናል፤ ያኔም ስለ መንጋ የተባለው ሁሉ በተግባር ይፈተናል። ወደ የሎውስቶን በ1995 እና 1996 የገቡት 31 ተኩላዎች የመጡት በአብዛኛው በቤተሰብ ሆነው ነው፤ በአዲሱ መሬት ላይ በአጥር ውስጥ ለሳምንታት አብረው እንዲቆዩ ከተደረገ በኋላ በሩ ተከፈተላቸው፣ ብዙዎቹም በዚያው ሰፈሩ። በዚያው ጊዜ በአይዳሆ የተለቀቁት ግን ዝምድና የሌላቸው ወጣቶች ስለ ነበሩ ከተለቀቁበት እየራቁ በሰፊው ተበተኑ፤ ጫካው ሰፊ ስለ ነበር ብዙዎቹ በኋላ ተጣመሩ። ጮቄ ያን ያህል ስፋት የለውም፤ የተበተነ ሁሉ ከገብሱ ማሳና ከውሻው ደጃፍ ይደርሳል። ስለዚህ የሚመጣው ቢያንስ የሚተዋወቅ ቤተሰብ፣ ከጎኑም የሚዋሰን ሌላ ቤተሰብ መሆን አለበት፤ ይህም ከባሌ ወይም ከሰሜን ተራሮች ብዙ እንስሳ መውሰድ ማለት ስለ ሆነ፣ ከ500 ባነሰ ሕዝብ ላይ በቀላሉ የሚወሰን ውሳኔ አይደለም። በ2020 በሰሜን ተራሮች እግሩ በጥይት ተመትቶ የተገኘው፣ ተረፈ ተብሎ የተሰየመው ወንድ ቀይ ቀበሮ ታክሞ ሲለቀቅ ከብዙ መንከራተት በኋላ ጓደኛ አግኝቶ ልጆች ወልዷል፤ ያ የሆነው ግን በዙሪያው ሴት የሚያገኝባቸው መንጋዎች ስለ ነበሩ ነው። በጮቄ ዛሬ አንድ ተረፈ ቢለቀቅ ድምፁን ሰምቶ የሚመልስለት የለም። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ገንዘቡም ጊዜውም የሚገኝለት ሥራ አለ፤ በተራራው ዙሪያ ባሉት ወረዳዎች የሚኖሩትን ውሾች በየዓመቱ ማስከተብ። ይህ ለቀይ ቀበሮ ባይሆን እንኳ በእብድ ውሻ ለሚነከሰው እረኛ ይሆናል።